ሀበሻ፣ ቦቫንስ፣ ሳሶ፣ ዳክዬና ተርኪ በአንድ ቤት፦ የቱን ከየቱ ልለይ?

የሱሉልታዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ጓሮ ውስጥ 3 በ4 ሜትር የሆነ የጭቃ ቤት አለኝ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። 7 ሴትና 1 አውራ የሀበሻ ዶሮ፣ 10 ቦቫንስ (ለእንቁላል የተዳቀሉ ዶሮዎች)፣ 3 ዳክዬ (አንዱ ወንድ) እና 2 ተርኪ አብረው ይኖሩበት ነበር። ከ16 ቀን በፊት 15 የ45 ቀን ሳሶ (ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆን የተዳቀለ ዝርያ) ገዝቼ እዚያው ጨመርኳቸው። አሁን ሦስት ነገር ተደራርቦብኛል።

ቦቫንሶቹ በቀን 8 ወይም 9 እንቁላል ይጥሉ ነበር። አሁን 5 ወይም 6 ነው፤ ከእነዚያም አንድ ሁለቱ ሳነሳቸው በጣቴ ይሰረጉዳሉ። ሳሶዎቹ ደግሞ በገቡ በ8ኛው ቀን ኩሳቸው ላይ ደም ታየ፤ አንዱ ሞቷል፣ ሦስቱ ላባቸውን ነፍተው ጥግ ይዘው ይውላሉ። የሀበሻዎቹ ደግሞ ሳሶዎቹን ጭራቸው አካባቢ እየነቆሩ የሁለቱን አድምተዋል።

መኖን በተመለከተ፣ ድሮ የእንቁላል ጣይ መኖ ነበር የምሰጠው። ሳሶዎቹ ከመጡ ወዲህ ሁለት ዓይነት ከመግዛት ብዬ ለሁሉም የጫጩት መኖ አድርጌዋለሁ። መመገቢያው አንድ የ1 ሜትር የእንጨት ገንዳ ነው። መጠጫው መሬት ላይ የተቀመጠ ሳፋ ነው፤ ዳክዬዎቹ ይታጠቡበታል። ጉዝጓዙ የጤፍ ገለባ ነው፤ ከክረምት ወዲህ ከላይ ከላይ ጨመርኩበት እንጂ አልቀየርኩትም።

ዛሬ ኅዳር 20 ነው፣ ገና እየደረሰ ነው። ጥያቄዬ፦ የትኞቹ ዝርያዎች ናቸው አብረው የማይኖሩት? የትኛውን ሸጬ የትኛውን ላስቀር?


የጫጩት ሐኪም

እህቴ፣ እንደምን ዋሉ። ማንንም አይሽጡ። ሀበሻና ቦቫንስና ሳሶ አብረው ይኖራሉ። የተጣሉት ዝርያዎቹ ሳይሆኑ ዕድሜዎቹ ናቸው። ተርኪና ዳክዬ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው፤ እሱን የሚያውቁት ይጻፉልዎታል። እኔ ዛሬውኑ መደረግ ያለበትን ልንገርዎት።

በዚህ ዕድሜ ኩስ ላይ ደም ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ በዓይን የማትታይ ተሕዋሲ የምታመጣው የአንጀት በሽታ። ሌላ ከሞተ የሆዱን ቆዳ ከፍተው አንጀቱን ይዩት። ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ወደ ጎን የሚወጡ ሁለት ጭፍን ከረጢቶች አሉ። እነሱ አብጠው እንደ ጥቁር ቀይ ቋሊማ ሆነው ካገኟቸው፣ ሲቀደዱም የረጋ ደም ከወጣ፣ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ማለት ነው።

ለምን ሳሶዎቹን ብቻ ያዘ? ትልልቆቹ ዶሮዎች በሽታውን በልጅነታቸው ቀምሰው ስለለመዱት አይታመሙበትም፤ ዘሩን ግን በኩሳቸው ያወጣሉ። ያ ዘር እርጥብና ሞቅ ያለ ጉዝጓዝ ላይ ካረፈ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለመያዝ ይደርሳል። ገለባው ከክረምት ጀምሮ ተከምሯል፣ ዳክዬዎቹ ውኃ ይረጩበታል፣ ሳሶዎቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እሱን እየጫሩ ይለቅማሉ። ከገቡ በ8ኛው ቀን መታመማቸውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፤ ዘሩ ከተዋጠ በኋላ ደም እስኪታይ 5 እና 6 ቀን ገደማ ይፈጃል።

ሕክምናው አምፕሮሊየም ነው። በእንስሳት መድኃኒት ቤት ባለ 20 ፐርሰንት የሚሟሟ ዱቄት ይገኛል። መጠኑ ለ1 ሊትር ውኃ 1.2 ግራም፣ ለ5 ቀን፤ ከዚያ ለ1 ሊትር 0.3 ግራም፣ ለአንድ ሳምንት። ሌላ ጥንካሬ ያለው ከሰጡዎት ስሌቱ ስለሚለወጥ ማሸጊያውን ይከተሉ። የቀሩት 14 ሳሶዎች በቀን 2 ሊትር ገደማ ይጠጣሉ፤ ስለዚህ በቀን 2.4 ግራም ነው። በሻይ ማንኪያ አይገምቱ፤ መድኃኒት ቤቱ በሚዛን ለ5 ቀን ከፋፍሎ ይስጥዎት። በየማለዳው አዲስ ይበጥብጡ፣ የትናንቱን ይድፉ፣ ሌላ የሚጠጣ ውኃም አይኑር። የታመመ ዶሮ መብላት ቢያቆምም መጠጣቱን አይተውምና መድኃኒቱ በውኃ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ አምፕሮሊየሙን በሚሰጡባቸው ቀናት ሁሉ ቫይታሚን ቢ1 ያለበት መልቲቫይታሚን አብረው አይስጡ። አምፕሮሊየም የሚሠራው ተሕዋሲዋ ቢ1 እንዳታገኝ በመከልከል ነው፤ ቫይታሚኑን ከጨመሩላት ያስታጥቋታል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ይስጡ፤ ያኔ ይጠቅማል።

ሳሶዎቹን ዛሬ ማታ ከዚያ ጉዝጓዝ ላይ ያንሱ። ሌላ ቤት ከሌለ አሮጌው ገለባ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ወለሉ በደንብ ይፋቅ፣ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ይድረቅ። በረኪና ለሌላው ጀርም ጥሩ ነው፤ የኮክሲዲዮሲስን ዘር ግን አይገድልም። የሚገድለው ሙቀትና ድርቀት ነው። የወጣውን ገለባ ዶሮዎቹ በማይደርሱበት ቦታ ቆልለው ይሸፍኑት፤ ከ2 እና 3 ወር በኋላ ለጎመን መደብ ምርጥ ማዳበሪያ ይሆናል።

የደሙትን ሁለቱን ለብቻ አድርገው ቁስሉን ጂቪ ይቀቡላቸው። ቁስል ከማድረቁ ሌላ ቀዩን ወይን ጠጅ ያደርገዋል፤ ዶሮ ቀይ ነገር ካየች አትተውም።


መኖ ቀማሚ

የእንቁላሉን ነገር እኔ ልመልስ። ዋናው ጥፋት የመኖው ለውጥ ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ ከ100 ኪሎው ውስጥ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎው ካልሲየም ነው። የጫጩት መኖ ውስጥ ያለው 1 ኪሎ ገደማ ነው። ቦቫንስ ደግሞ በየቀኑ ለማለት ይቻላል የምትጥል ዶሮ ናት፤ በመኖው ካጣች ከአጥንቷ እያወጣች ጥቂት ቀን ትገፋለች፣ ከዚያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ቀጥሎ መጣሏን ትቀንሳለች። 16 ቀን ማለት ልክ ያ ነው።

አንቺ ግን «እንግዲያው ለሁሉም ወደ ጣይ መኖ ልመልሰው» እንዳትዪ። ያ ለሳሶዎቹ ይብስባቸዋል። ገና ያልጣለች ቄብ ወይም ታዳጊ ያን ሁሉ ካልሲየም የምታውልበት ቦታ ስለሌላት ኩላሊቷ ላይ ይከመራል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ የምትሞተው ወራት ቆይታ ነው፣ ያኔ ደግሞ መኖውን የሚጠረጥር ሰው የለም።

ለተደባለቀ ጓሮ የሚሠራው አንድ ነው፦ መሠረቱ ለሁሉም የታዳጊ መኖ፣ ካልሲየሙ ለብቻው በሌላ ዕቃ። የሚያስፈልጋት ዶሮ ራሷ ሄዳ ትበላለች፣ የማያስፈልገው ቀምሶ ይተወዋል። አንዲት ጣይ በቀን 4 ግራም ገደማ ካልሲየም ትፈልጋለች፤ ይህ 10 ግራም ላይምስቶን (የኖራ ድንጋይ) ማለት ነው። ለ10 ቦቫንስና ለ7ቱ የሀበሻ ሴቶች በቀን ከ120 እስከ 150 ግራም ይበቃል። የምትገዢው ዱቄቱን ሳይሆን እንደ ደቃቅ ጠጠር ያለውን፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ነው። ቅርፊቱ የሚሠራው በአብዛኛው ሌሊት ስለሆነ ጠጠሩ ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሟሟ ያድራል፤ ዱቄቱ ግን ከመምሸቱ በፊት ያልፋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወደ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ዕቃው ሙሉ መሆኑን አረጋግጪ። ግድግዳ የሚለሰንበትን ኖራ በስሙ ተታለሽ እንዳትሰጪ፤ እሱ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።

የእንቁላል ቅርፊትም ይሆናል። ምጣድ ላይ እስኪደርቅና እስኪሰባበር አመስ አድርጊው፣ ከዚያ የእንቁላል ቅርጹ ጨርሶ እስኪጠፋ ውቂው። ግማሽ ቅርፊት እንዳለ የተጣለላት ዶሮ እንቁላል መብላት ትማራለች፣ ያን ዓመል ማስተው ደግሞ ከባድ ነው። ግን የራሳቸው ቅርፊት ብቻ አይበቃቸውም፤ ከበሉት ካልሲየም ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ግማሽ ገደማ ስለሆነ ላይምስቶኑ መቅረት የለበትም።

የታዳጊውን መኖ ራስሽ መቀላቀል ከፈለግሽ ለ100 ኪሎ እንዲህ ነው፦ የተፈጨ በቆሎ 50 ኪሎ፣ የስንዴ ፉርሽካ 20፣ የኑግ ፋጉሎ 16፣ የታመሰ አኩሪ አተር 12፣ የአጥንት ዱቄት 1.2፣ ጨው 0.4፤ ቀሪው ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ) ነው፣ መጠኑን ከማሸጊያው አንብቢ። ፕሮቲኑ 16 ፐርሰንት ገደማ ይመጣል። አኩሪ አተሩ ጥሬውን ከገባ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው ዶሮዎቹ እየበሉ ይከሳሉ። የጥሬ ባቄላ የመሰለው ሽታ ለቆት የተቆላ ሽታ እስኪያመጣ፣ አንዱን ስትሰብሪው ውስጡም ገርጥቶ እስኪታይ ቁዪው። ጨውና ፕሪሚክሱን እንዲሁ ከላይ አትበትኚ፤ መጀመሪያ በ2 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት አሺው፣ ያንን በ10 ኪሎ፣ ከዚያ ወደ ዋናው። ጨው አንድ ቦታ ከተከማቸ ይገድላል።

የጭንቅላት ስሌት፦ ቦቫንስ 115 ግራም፣ ሀበሻ 80፣ የ2 ወር ሳሶ 70፣ ዳክዬ 170፣ ተርኪ 250 ብንይዝ የአንቺ ጓሮ በቀን ከ4 ኪሎ ትንሽ ያነሰ ይፈልጋል። አንድ ኩንታል 26 ቀን ገደማ ያደርሳል። ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ አትቀላቅዪ። ኩንታሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የሻገተ በቆሎ «ለዶሮ ምን ይላል» ተብሎ አይሰጥም። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ታጥቦም ተቀቅሎም አይጠፋም፤ ዳክዬና ተርኪ ደግሞ ከዶሮ ይልቅ ይጎዱበታል።

አሁን ደግሞ ጾም ነው፣ የእንቁላል ገዢ ይቀንሳል። እንቁላሉ ረከሰ ብለሽ መኖውን አታሳንሺ። በረሃብ ላባ መጣል የጀመረች ዶሮ ሁለት ወር ያህል ታቆማለች፣ ለገናም ለጥምቀትም አትደርስልሽም።


የሱሉልታዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ገለባውን ዛሬ አውጥቼ ጨረስኩ፤ ከሥሩ ወለሉ ላይ የተጣበቀው እንደ ጭቃ ነበር። የጫጩት መኖውን ማሸጊያ ሳነብ «ሳሊኖማይሲን አለው» ይላል። ተርኪዎቹም ይኼንኑ ሲበሉ ነው የሰነበቱት። ችግር አለው? ሌላው፣ ቤቱን ለሁለት ልከፍለው አስቤያለሁ፤ እንዴት ብከፍለው ይሻላል?


ዳክዬና ተርኪ

ስለ ሳሊኖማይሲኑ ዛሬ፣ አሁን አቁሚ! ለዶሮ ጫጩት የኮክሲዲዮሲስ መከላከያ ነው፤ ለተርኪ ግን መርዝ ነው። እግራቸው መድከም፣ መቀመጥ ማብዛት፣ አንገት መጣል ካየሽ ሐኪም ጥሪ። ሳሶዎቹም ቢሆኑ አምፕሮሊየሙን እየጠጡ ይኼኛውን አብረው መብላታቸው አያስፈልግም። ደግሞ እንዲህ ዓይነት መኖ የበላች ዶሮ እንቁላል ለሰው የሚደርሰው ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን (መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ የሚጠበቀው ጊዜ) ካለፈ በኋላ ነው። ካልተጻፈ መድኃኒት ቤቱን ጠይቂ።

ሐኪሙ «የራሳቸው ጉዳይ አላቸው» ብለው በአጭሩ ነው ያለፉት፤ እኔ ጠበቅ አድርጌ ልናገረው። ተርኪ ከዶሮ ጋር በአንድ መሬት ላይ መኖር የለበትም። ዶሮ ትልቅ አንጀቷ አካባቢ የምትኖር ትንሽ ነጭ ትል አለቻት። የዚህች ትል እንቁላል ውስጥ ተሸሽጎ የሚጓዝ ተሕዋስ ዶሮዋን ብዙም አይነካትም፤ ተርኪ ውስጥ ሲገባ ግን ጉበቱን ይበሳሳዋል። ምልክቱ እንደ ድኝ ቢጫ የሆነ ኩስ ነው። ያ ከታየ ማዳን አስቸጋሪ ነው። የትሏ እንቁላል አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ የመሬት ትልም ትውጠዋለች፤ ስለዚህ ዶሮ የሰነበተበትን ግቢ ጠርጎ ተርኪ ማስገባትም አይሆንም። ዶሮዎቹን ትል ማስወገጃ ስትሰጪ ፒፔራዚን ትልቁን ወስፋት ነው የሚያወጣው፣ ይህችን ትንሿን በደንብ አይነካትም። ፌንቤንዳዞል ወይም ሌቫሚሶል ጠይቂ፤ የእንቁላል መታገሻ ቀኑንም አብረሽ ጠይቂ።

ስለዚህ ሁለቱን ተርኪዎች በሌላኛው የግቢ ጫፍ ዶሮ ባልረገጠው መሬት ላይ፣ በራሳቸው መጠጫና መመገቢያ። ያ ቦታ ከሌለሽ ሁለቱን ለገና አውጥተሽ ለወደፊት አለመድገም ነው የሚሻለው።

ዳክዬ ግን ያን ያህል አያስቸግርም፤ ችግሩ ውኃው ነው። ዳክዬ አፍንጫዋንና ዓይኗን የምታጠራው ጭንቅላቷን ውኃ ውስጥ ነክራ ስለሆነ ጥልቀት ያለው መጠጫ ልትነፍጊያት አይገባም። ያን ግን ቤት ውስጥ አታድርጊ። የ20 ሊትር ጀሪካን ወስደሽ ከጎኑ ጭንቅላቷ ብቻ የሚገባበት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ክብ ቀዳዳ አውጪ፤ አካሏ ስለማይገባ አትዋኝበትም። ደጅ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረሽ በጠጠር ሙዪው፣ በላዩ የሽቦ ወንፊት ዘርግተሽ ጀሪካኑን እዚያ አስቀምጪ። የፈሰሰው ወደ ታች ይሰርጋል፣ ጭቃ አይሆንም። ማታ ዳክዬዎቹ በራሳቸው ዝቅተኛ ጎጆ ደረቅ ገለባ ላይ ይደሩ። ቆጥ አይወጡም፤ ዶሮ ከበላያቸው ከሰፈረች ኩሱ ላያቸው ላይ ነው የሚያርፈው። ወንዱ ዳክዬ ደግሞ ሴት ዶሮዎችን ሲያሳድድ ካየሽ አትታገሺው፤ ይጎዳቸዋል።


ቆጥ ሠሪ

የቤቱን አከፋፈል እንዲህ አድርጊው። ተርኪና ዳክዬ ከወጡ የሚቀሩሽ 18 ትልልቅና 14 ሳሶ ናቸው። 12 ካሬ ሜትር ለ32 ዶሮ ከበቂ በላይ ነው፤ ጥበት አይደለም ያጣላቸው፣ ገንዳው አንድ መሆኑ ነው። የበላይ የሆነችው ዶሮ ገንዳው ጫፍ ላይ ከቆመች የመጨረሻዋ ቀኑን ሙሉ አትበላም።

በ3 ሜትሩ ወርድ፣ ከአንዱ ጫፍ 1 ሜትር ተኩል ገባ ብለሽ ሞራሌ አቁሚ። ከታች 50 ሴንቲ ሜትሩ ጣውላ ወይም ቆርቆሮ፣ ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያ ሽቦ። የታችኛው ድፍን የሆነበት ምክንያት ሁለት ነው፦ ትልልቆቹ ሲጭሩ ኩሱና ጉዝጓዙ ወደ ሳሶዎቹ እንዳይበተን፣ እግርና ጭራም በሽቦ ቀዳዳ እንዳይነቆር። በላይኛው ሽቦ ግን ይተያያሉ፤ ይህ ኋላ ሲቀላቀሉ ጠቡን በብዙ ይቀንሰዋል። ሳሶዎቹ በራሳቸው በር ይግቡ ይውጡ፤ በትልልቆቹ መሀል የሚያልፉ ከሆነ ክፍፍሉ ምንም አልሠራም።

ለሳሶዎቹ 70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ በሁለት በኩል የሚበላበት ሌላ ገንዳ ሥሪ። የገንዳው ጠርዝ ከዶሮዋ ጀርባ እኩል መሆን አለበት። ዝቅ ካለ በእግራቸው ይገቡበታል፣ መኖ ይባክናል፣ ኩስም ይገባዋል። ሲያድጉ በጡብ ከፍ አድርጊው።

ቆጡን በተመለከተ፣ የሀበሻ ዶሮ ከፍ ያለውን ትመርጣለች፣ 1 ሜትር ከ20 ድረስ ትወጣለች። ሳሶ ግን ከባድ ናት፤ ከዚያ ላይ ስትዘል መዳፏ ይቆስልና ያብጣል፣ ታነክሳለች። ለሳሶ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተላገ እንጨት። ለአንዲት ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር አስቢ፤ ለ18ቱ 3 ሜትር ከ60። መጣያ ሳጥኑ ለ5 ዶሮ አንድ ነው፣ ለ17 ሴት 4 ያስፈልግሻል፤ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 30፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከፊቱ 10 ሴንቲ ሜትር ደፍ ይኑረው። ከቆጡ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከቆጡ በላይ ከሆነ ያድሩበትና እንቁላሉ በኩስ ይጨማለቃል።

አዲሱ ጉዝጓዝ ሻካራ ሰጋቱራ ይሁን፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር። የጤፍ ገለባ ብቻውን ሲረግጡት እንደ ምንጣፍ ይተኛል፣ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ይይዛል፤ ያየሽውም ጭቃ እሱ ነው። በየሦስት ቀኑ በመንሽ ገልብጪው። ልኩን ለማወቅ አንድ እፍኝ ዘግነሽ ጨብጪ፣ ከዚያ መዳፍሽን ክፈቺ። እንደ ቡኮ ተያይዞ ከቀረ እርጥብ ነው፣ የተጨበጠው ቀስ ብሎ ከተፈረካከሰ ልክ ነው፣ ገና ሳትጨብጪው አቧራ ከሆነ ደርቋል።

ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ብዙ ሰው ያኔ መስኮቱን በላስቲክ ጥርቅም ያደርገዋል፣ ማለዳ ሲከፍት ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ይቀበለዋል። የ2 ወር ሳሶ ላባዋ ሞልቷል፤ ደረቅ ሆና ነፋስ ካልነካት ብርዱን ትችላለች። ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ንፋስ የሚያስገባውን ሁሉ ድፈኚ፣ ከጣሪያው ሥር ግን አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዪ። ማለዳ ገብተሽ እስከ ዶሮዎቹ ቁመት ጎንበስ በዪና ተንፍሺ። ዓይንሽን ከቆጠቆጠሽ አየሩ አልበቃም። የከሰል ምድጃ አስገብተሽ በር እንዳትዘጊ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላቸዋል፣ አንቺንም።

መስኮቱ ላይ ቀዳዳው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የተበየደ ሽቦ ይሁን። ያ ስስ ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን ያስቀራል እንጂ ሸለምጥማጥን አያግድም።


የሱሉልታዋ

ተርኪዎቹን ዛሬውኑ ለይቻለሁ፤ እግራቸው ደህና ነው፣ እየበሉም ነው። ሦስት ነገር ቀረኝ። ሳሶዎቹን መቼ ልቀላቅል? እንቁላሉ እንዲጨምር ሌሊት መብራት ላብራ ወይ? ለበዓል ደግሞ ከገበያ ሦስት አውራ ዶሮ ልገዛ አስቤያለሁ፤ እስከ ገና የት ላቆያቸው? የሀበሻዎቹ ምንም ክትባት አልወሰዱም።


የጫጩት ሐኪም

መብራቱን ለአሁኑ ይተዉት። እኛ አገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ጣይ ዶሮ ደግሞ 14 ሰዓት ብታገኝ ትጨምራለች፣ እሱ እውነት ነው። ግን መብራቱ በሽቦው አልፎ ለሳሶዎቹም ይደርሳል። ሰውነቷ ሳይጠነክር ቀኑ የረዘመባት ቄብ ቀድማ ትጀምራለች። እንቁላሏ ትንሽ ይሆናል፣ አንዳንዷ ስትጥል ውስጧ ተገልብጦ ይወጣል፣ ሌሎቹም ያን ቀይ አይተው ይነቁሯታል። ሳሶዎቹ 18 ሳምንት ካለፋቸው በኋላ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስኪነጋ ድረስ ያድርሱት። አንድ 5 ዋት ኤልኢዲ ለዚያ ቤት ይበቃል። የሚጨመረው ማለዳ ነው። ማታ ሆኖ በድንገት ሲጠፋ ቆጥ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋልና።

መቀላቀሉ 4 ወር ሲሞላቸው ይሁን። አሁን 61 ቀናቸው ነው፤ ለገና 100 ቀን ይሆናቸዋል። አምፕሮሊየሙን ጨርሰው የመታገሻ ቀኑ ካለፈ ወንዶቹን ለበዓሉ ማውጣት ይችላሉ፤ የሚያስፈልጉዎት ብዙ ካልሆኑ ደግሞ ከገበያ መግዛቱም ይቀርልዎታል። የቀሩትን ሴቶች ጨለማ ሲሆን አንስተው ሁሉንም በአንድ ሌሊት ከትልልቆቹ አጠገብ ቆጥ ላይ ያስቀምጡ። አንድ አንድ እያሉ አይጨምሩ፤ ብቻዋን የገባችው ላይ ሁሉም ይረባረባሉ። ለመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ገንዳ፣ ሁለቱም መጠጫ በተለያየ ጥግ ይቆዩ። አንድ ጥቅል ጎመን በገመድ ከራሳቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ቢሰቅሉላቸው ቀኑን እሱን ሲዘሉ ይውላሉ።

ክትባት ለታመመ ዶሮ አይሰጥም። ደሙ ቆሞ ኩሱ ለአንድ ሳምንት ደህና ከሆነ በኋላ ለፈንግል ይከተቡ። የሀበሻ ዶሮ ጠንካራ ናት የሚባለው ለፈንግል አይሠራም፤ ያልተከተበ መንጋን ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል። ከሳሶዎቹ ሻጭ የማሬክስ፣ የጉምቦሮና የፈንግል ክትባት ቀን የተጻፈበትን ወረቀት ይጠይቁ። ለእርስዎ ቁጥር የፈንግሉን ክትባት በዓይን ጠብታ መስጠቱ ይሻላል፤ አንድ ዶሮ አንድ ጠብታ፣ ዓይኗን ጨፍና እስክትውጠው ጠብቀው ይልቀቋት። በውኃ ከሆነ ውኃቸውን 2 ሰዓት ቀድመው ያንሱ፤ ለሁሉም 1 ሊትር ተኩል ገደማ ክሎሪን የሌለው የዝናብ ወይም የጉድጓድ ውኃ፣ በውስጡም 4 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት። በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፣ የተረፈው ይደፋ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት ከሆነ በየ3 ወሩ ይደገማል። ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ጎረቤቶችዎን አስተባብረው በአንድ ቀን ያስከትቡ፤ የእነሱ ዶሮ ካልተከተበ የእርስዎም አጥር አይጠብቅዎትም። ከመድኃኒት ቤቱ ሲያመጡት በበረዶ፣ በፔርሙዝ ይሁን። በእጅ ቦርሳ ፀሐይ ላይ የመጣ ክትባት ውኃ ማለት ነው።

የገበያ አውራዎቹን በተመለከተ፣ ፈንግል በዚህ ሰሞን በቀላሉ ይገባል፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ዶሮ ገበያ ላይ በአንድ ቅርጫት ያድራል። ከገዙ ለገና ዋዜማ ይግዙ። ቀድመው ከገዙ ከቤቱ በተቃራኒ በኩል፣ ነፋሱ ከዶሮዎቹ ወደ እነሱ በሚነፍስበት ቦታ ይታሰሩ። መጀመሪያ ሳሶዎቹን፣ ቀጥሎ ትልልቆቹን፣ መጨረሻ የገበያ አውራዎቹን ይመግቡ፤ ለእነሱ የሚሄዱበት የላስቲክ ጫማም ለብቻው ይሁን። ሲታረዱ ላባው፣ አንጀቱ፣ የተገነፈለበት ውኃ ጓሮ አይጣል። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት፣ ውሻም አያውጣው። የተረፈውን አንጀት ለዶሮዎቹ መጣል ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።